ያልደረቀው ክታብ

በእኛ አገር ችኩል ሰው ሲያጋጥም የምትነገር አንዲት አጭር አባባል አለች። ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ አንደኛው ባለጉዳይ «ቶሎ ጨርሱና ልሂድ» ካለ ይነግሩታል። ገበሬ ርጥብ እህል ጎተራ ሊከት ሲል ጎረቤቱ ይነግረዋል። እኔም ከውጭ ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስኩ በሁለተኛው ወር ተነግራኛለች፤ አንድ ወረቀት ቶሎ እንዲፈርምልኝ የቀበሌውን ጸሐፊ ስነዘንዘው ነበር። ብዙ ሰው አባባሏ ስለ መጻሕፍት የተነገረች ይመስለዋል። የተነገረችው ግን ስለ አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ክንድ ነው።

ልጅቷ ስንዱ ትባላለች፤ እናቴ ናት። ታሪኩን መጀመሪያ የሰማሁት ከእሷ ነው። የተማርኩት ትምህርት ግን በአንድ ሰው ቃል እንድረጋ አላደረገኝም፤ ስለዚህ ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ጽድ አፋፍ ወጥቼ በዚያን ጊዜ ዐዋቂ የነበሩ ሁለት ሰዎችን ጠየቅሁ። ስለ ፈንጣጣ ክትባት የተጻፈውንም ፈልጌ ቀኖቹን አመሳከርኩ። የሚከተለው ሁሉም የተስማሙበት ነው።

ጊዜው ፈንጣጣ ገና ከአገራችን ያልወጣበት፣ የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። በመጋቢት ወር በሽታው ከዝጊት ወንዝ ማዶ ገባ፤ ሁለት ልጆችም ተቀበሩ የሚል ወሬ ጽድ አፋፍ ደረሰ። በዚያው ሰሞን ጌጡ የሚባል የመንግሥት ሰው ሐሙስ ዕለት በበቅሎ መጣና ገበያው መካከል ካለው ዋርካ ሥር ሳጥኑን አስቀመጠ።

«ልንከትባችሁ መጥተናል! እስከ ቅዳሜ እቆያለሁ፤ ልጆቻችሁን አምጡ!» አለ።

እሱ ያለው ሌላ፣ ሰው የሰማው ሌላ። በጽድ አፋፍ መከተብ ማለት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው በብራና ቁራጭ ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብ ነው። እሱ አንዴ ከተሰፋ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ኃይሉ ይበተናል ይባላል። ሁለተኛው የሚያስፈራው ነው። ፈንጣጣ ሲቀርብ ከታመመ ሰው ቁስል በእሾህ ጫፍ ወስደው የጤነኛውን ክንድ ይጭሩበታል። በዚያ የዳኑ ብዙ ናቸው። የሞቱም አሉ።

ከሞቱት አንዱ አድማሱ ነበር። የአያቴ የማንጠግቦሽ የበኩር ልጅ ነው። በአራት ዓመቱ በእሾህ አስከተበችው፤ በስምንተኛው ቀን ሰውነቱ ተኮሰ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ቀበረችው። እሾሁን የያዙት አለቃ ነብዬ ነበሩ።

አለቃ ነብዬ የማርያም ደብር ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት የሚጽፉ፣ ሲለምኗቸውም ክታብ የሚጽፉ ሰው። ከአድማሱ ቀብር በኋላ ግን እሾህ አልያዙም። ሰው መጥቶ ሲማጸናቸው «እጄ አንድ ጊዜ የማይፋቅ ነገር ጽፏል» ብለው ይመልሱታል። ማንጠግቦሽም ስድስት ዓመት ሙሉ ከደጃቸው ድርሽ አላለችም። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ እሳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እሷም በነጠላዋ ትሸፈናለች።

ቅዳሜ ጧት ግን ስንዱን አዝላ ከደጃቸው ቆመች። ከኋላዋ ታላቅ ወንድሟ ልመንህ አለ።

ልመንህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከወንዙ ማዶ ለማዶ እየተመላለሰ ቆዳ የሚነግድ፣ ደግ፣ ቸኳይ ሰው ነበር። ሰርግ ሲጠራ ዳስ ሳይጣል ይደርሳል፤ ሙሽራው ሳይመጣ በልቶ ይሄዳል ይሉታል። ሰላምታ ሲሰጡት እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለዋን እየሄደ ነው የሚላት። የዚያን ዕለት የአምስት ዓመት ልጁን ታከለን ይዞ መጥቶ ነበር።

«ቤቶች!» አለች ማንጠግቦሽ።

አለቃ ከመጻፊያቸው ቀና ሲሉ አዩዋት። ብዕራቸውን አስቀመጡና መቀመጫ ሊያቀርቡ ተነሡ።

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ይሄ ሰውዬ የያዘው ነገር የእርስዎ ዓይነት ነው ወይስ ሌላ?»

 «እኔን ነው የምትጠይቂው?» አሉ አለቃ።

«እርስዎን ነው።»

«ልጄ፣ አገሩ ሙሉ ሰው እያለ...»

«አገሩማ ሞልቷል። ጎረቤቴ አስከትቢ ትለኛለች። ባሌ ደምለው እንዳሻሽ ይለኛል። ይሄ ወንድሜ ጧት አስከትቢ ብሎ ማታ ተይው ይለኛል። ሁሉም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም ተሳስተው አያውቁም። ‘ተሳሳትኩ’ ሲል የሰማሁት ሰው እርስዎን ብቻ ነው።»

አለቃ መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«ሐሙስ ዕለት ሄጄ እስኪመሽ አጠገቡ ተቀምጬ ጠይቄዋለሁ» አሉ። «ከሰው ቁስል የተወሰደ አይደለም። ከጥጃ የሚገኝ ነው አለኝ። ፈንጣጣን አያመጣም፤ ደምን ግን ፈንጣጣን እንዲያውቀው ያደርጋል አለኝ። ‘ያማል ወይ?’ አልኩት፤ ‘ያማል’ አለ። ‘ይተኩሳል ወይ?’ አልኩት፤ ‘ይተኩሳል’ አለ። ቀሪውን ያዳመጥኩት ይህን ስላልደበቀኝ ነው። ‘ምንም አይላቸውም’ ቢለኝ ኖሮ በቅሎህን ጫን እለው ነበር።»

«የሞተበት አለ ወይ አላሉትም?»

«ብዬዋለሁ። ‘አለ’ አለኝ። ‘ከብዙ መቶ ሺህ አንድ’ አለኝ። ማዶ ግን በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ተቀብሯል።»

«ኧረ ቶሎ በሉ!» አለ ልመንህ ከደጅ። «ሰውየው ሳጥኑን ሊዘጋ ነው፤ ደመናውም እየመጣ ነው!»

ማንጠግቦሽ ወደ ወንድሟ አልዞረችም። «እርስዎ ልጅ ቢኖርዎትስ?» አለች።

«አስከትባታለሁ። ከዚያ ዐሥር ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም። አልዋሽሽም።»

ያን ጊዜ ተቀመጠች።

አለቃም ጌጡ የነገራቸውን ሊጽፉላት ከእንጨት ሳጥናቸው ብራና ፈለጉ። ለመጽሐፍ የተዘጋጀውን ላለመቁረጥ ብለው፣ ከትርፍራፊው ሁለት ጣት የምትሰፋ ረዘም ያለች ቁራጭ አነሡ። በኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት ስሕተታቸው ከዚህ ላይ ነው፤ ቁራጯ ልክ የክታብ ቁራጭ ነበረች። በቀይ ቀለም የቀኖቹን ቁጥር በቁልቁል አሰፈሩ፤ ፫፣ ፯፣ ፰፣ ፲፣ ፳፩። ቀጥለው በየቁጥሩ አጠገብ በዚያ ቀን ክንዷ የሚሆነውን በጥቁር ጻፉ።

«ይሄ ክታብ አይደለም» አሏት። «ለደምለው ስጪው፤ ዳዊት ደግሟል፤ በየቀኑ ያንብብልሽ። ምን እንደምታዪ አስቀድመሽ ካወቅሽ አትደነግጪም። አሁን ብራናዋ ከእሳቱ ዳር ትቀመጥ፤ አየሩ ርጥብ ነው፣ ጥቁሩ ቀለም ቶሎ አይጨብጥም።»

«መንገድ ላይ ይደርቃል፣ አለቃ!» አለ ልመንህ፤ ብራናዋንም ከእጃቸው ላይ አንሥቶ ወጣ።

ዋርካው ሥር ጌጡ ጫፉ እንደ መንታ መንገድ የተከፈለ ትንሽ መርፌ ፈሳሹ ውስጥ ነከረና የስንዱን ክንድ ዐሥራ አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ወጋ ወጋ አደረገው። ደም ጠብ እንኳ አላለም፤ ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው የታየው። ከእሷ ቀጥሎ ታከለ ተከተበ።

«አትጠቡት፣ አመድ አታድርጉበት፣ አትነካኩት» አለ ጌጡ። «ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ይወድቃል።» ሳጥኑን ጭኖም ወደሚቀጥለው ገበያ ሄደ።

ማንጠግቦሽ ልጇን እያባበለች ዞር ስትል ልመንህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በወስፌ ይሰፋል። የበቅሎ ዕቃ የሚጠግንበት ወስፌና ጅማት ከኮሮጆው አይለዩም።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ክታቡን እየሰፋሁልሽ ነዋ።»

«ይነበባል ብለዋል እኮ፣ አያ ልመንህ። ክታብ አይደለም ብለዋል።»

«ክታብ ያልሆነ ነገር በክታብ ብራና ይጽፋሉ? የሊቅ ትሕትና ነው፣ አንቺ። ደግሞ ክታብ ሲነበብ የት አየሽ? በይ፣ አንገቷን አቅርቢልኝ፤ ዝናብ ሳይመጣ ልሻገር።»

ስንዱ ታለቅሳለች፤ ደመናው ጠቁሯል፤ የአለቃ እጅ የነካው ነገር ደግሞ በጽድ አፋፍ ከአንገት ሌላ ቦታ ኖሮት አያውቅም። ማንጠግቦሽ የልጇን አንገት አቀረበች።

በሦስተኛው ቀን ክንዷ ቀላ። ከዚያ አበጥ አለ፤ በሰባተኛው ቀን ባቄላ የሚያህል ውሃ ቋጠረ። ማንጠግቦሽ እንዳይነካ ብላ እጅጌዋን ቀደደችላት። በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጧት፣ ልጅቷ እሳት ሆና ተነሣች። ቁስሉ ዙሪያውን ቀይ ቀለበት ሠርቷል፤ ብብቷ ሥር ንፍፊት ወጥቷል፤ ክንዷን ሲያነሡባት ትጮኻለች። ቂጣ ሰጧት፤ ገፋችው።

አድማሱም የተኮሰው በስምንተኛው ቀን ነበር።  ደምለው ልጁን አቅፎ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ማንጠግቦሽ ደግሞ ውሃ ለማምጣት ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ልመንህ የደረሰው ያኔ ነው። ሊጠይቃት መምጣቱ ነበር። እንደ ልማዱ «እንደምን አደራችሁ» ሳይል ገብቶ ክንዷን ገልጦ አየ።

«ይሄ እኮ መግል ነው! ምን ትጠብቃላችሁ? መውጣት አለበት!»

«አትንኩት ብሏል ሰውየው» አለ ደምለው።

«ሰውየው የታለ? በቅሎው ላይ ነው! የእኔን ልጅ እይ፤ የዚያኑ ዕለት ወንዙ ላይ ስደርስ ክንዱን በአሸዋ አሽቼ አጠብኩለት። ይኸው አልቀላ፣ አላበጠ፣ ጥጃ ሲያባርር ይውላል። እናንተ ደግሞ መርዙን ታቅፋችሁ ትጠብቃላችሁ።» ይህን እያለ ምላጩን ከኮሮጆው አውጥቶ ወደ ምድጃው ሄደ።

ደምለው ወደ ሚስቱ ቀና አለ። «አለቃ ምን ብለው ነበር?»

«ጽፈውታል» አለች።

«የታለ?»

ወደ ስንዱ አንገት አየች። ደምለውም አየ።  የተሰፋ ክታብ ይከፈታል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

«እጇን ያዝልኝ» አለ ልመንህ፤ ምላጩ ግሏል።

ደምለው የልጁን እጅ ያዘ። ያዘው እንጂ አላቀረበውም።

«ምላጩን ስጠኝ» አለች ማንጠግቦሽ። «የሚቆረጥ ከሆነ እናቷ ነኝ፤ እኔ ልቁረጥ።»

ልመንህ ሰጣት። ጎንበስ አለች፣ የልጇን አንገት በአንድ እጇ ደገፈች፤ ምላጩንም በማሰሪያው ሥር አስገብታ ክታቡን በጠሰችው። ቀጥላ የቆዳውን ስፌት ከላይ እስከ ታች ተረተረችው።

«አበድሽ!» አለ ልመንህ። «ክታብ ይቀደዳል?»

«ክንድ ከሚቀደድ ይሄ ይቀደድ።»

ብራናዋን ዘረጉ። ዛሬም እናቴ ዘንድ አለች፤ በእጄ ይዣት አይቻታለሁ። ቀድመው የደረቁት ቀያዮቹ ቁጥሮች ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። ጥቁሩ ግን ርጥብ ሳለ በመታጠፉ ወዲያና ወዲህ ተላትሟል፤ ቃሉ ከቃሉ ላይ ተኝቶ ፊደሉ ጥላሸት ሆኗል። ደምለው ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ፣ ዳዊት በሚደግምበት ድምፅ አንድ በአንድ ሞከረ።

«ሦስት... ይ... ላል። ይቀላል ነው። ሰባት... ውሃ...። ስምንት...» ቆመ።

«ስምንት ምን?»

«ት... ይላል።»

«ት ምን?»

«ት... ለች። ‘ት’ አለ፤ ‘ለች’ አለ። መካከሉ ጠፍቷል።»

ማንጠግቦሽ ማንበብ አትችልም፤ ቋንቋዋን ግን ታውቃለች። «ትድናለች ነው?» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወይስ ሌላው?» አለች።

ደምለው ብራናዋን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ ራቅ አደረገ። «ሁለቱንም ያስኬዳል» አለ።

ተነሡ። ከቤታቸው እስከ ደብሩ የአንድ ሰዓት ዳገት ነው። ደምለው ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ታቀፈ፤ ማንጠግቦሽ ብራናዋን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ተከተለችው። ልመንህ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ኋላ ሄደ።

አለቃ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ከሩቅ ሲያዩዋቸው መቋሚያቸውን ይዘው ወደ እነሱ ወረዱ። ማንጠግቦሽ ብራናዋን ዘረጋችላቸው።

«ይሄ ምን ይላል? ስምንተኛው።»

አለቃ ብራናዋን አዩ፤ የወስፌውን ቀዳዳ፣ የተጫነውን እጥፋት አዩ። ማን እንዳደረገው አልጠየቁም። «ትተኩሳለች» አሉ። «‘ትተኩሳለች፤ ንፍፊት ታወጣለች፤ አትንኩት’ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ማንጠግቦሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ቆይ፣ ቆይ፤ ገና ነው» አሉ አለቃ፤ እሳቸውም ከአጠገቧ ተንበረከኩ። «ጌጡ ጠይቁ ያለኝን ልጠይቅ። ውሃ ትጠጣለች?»

«ጠብታ ጠብታ ትወስዳለች።»

«ስትጠሯት ትሰማለች?»

«ትሰማለች» አለ ደምለው። «መንገድ ላይ ‘አባ፣ ወፍ’ ብላኛለች።»

«አንቀጥቅጧታል? አንገቷ ደርቋል? ቁስሉ ፊቷ ላይ ወይ ዓይኗ ላይ ወጥቷል?»

«የለም። አልወጣም።»

«እንግዲያው የተባለው ይህ ነው። በዐሥረኛው ቀን ይበርዳል ተብሏል። ካልበረደ፣ ወይም ከጠየቅኋችሁ አንዱ ከታየ፣ ከተማው ክሊኒክ ድረስ እንወስዳታለን። በቅሎ አስጭናለሁ፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

«በእርግጥ ይበርዳል?» አለች ማንጠግቦሽ።

 «አላውቅም» አሉ። «ያኔ ለአድማሱ ‘ዐውቃለሁ’ ብዬሽ ነበር። ዛሬ የምነግርሽ የተነገረኝን ነው። አብሬሽ እጠብቃለሁ።»

እናቴ እንደምትለው፣ አያቴ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የአለቃን እጅ የሳመችው ያኔ ነው። እሳቸውም አልተከላከሉም።

እዚያው አለቃ ቤት ቆዩ። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ግንባሯና ብብቷ ላይ እያደረጉ፣ ቁስሉን ሳይሸፍኑ፣ ውሃና የአብሽ ውሃ በማንኪያ እየሰጧት ነው የሰነበቱት። አለቃ በሩ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ መዝሙሩ ባለቀ ቁጥር ጎንበስ ብለው «ጠጣች?» ይላሉ። እሑድ ከቅዳሜው ባሰ። ልመንህ አንድ ጊዜ ተነሥቶ «እንውሰዳት እንጂ!» አለ፤ አለቃ «ነገ ጧት ካልበረደ አንተ ነህ በቅሎውን የምትስበው» ሲሉት ተመልሶ ተቀመጠ። እንዲያ ሲቀመጥ ያየው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጧት ማንጠግቦሽ ግንባሯን ስትዳስሰው አላቃጠላትም። እጄ ቀዝቅዞ ይሆናል ብላ በጉንጯ ሞከረች። ስንዱ ዓይኗን ገልጣ «ቆሎ» አለቻት።

ቅርፊቱ አለቃ በቀይ እንደጻፉት በሃያ አንደኛው ቀን ወደቀ። ጠባሳው እናቴ ክንድ ላይ አለ፤ የአውራ ጣት አሻራ ይመስላል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ አባባሏ ባልተወለደች ነበር። ከፋሲካ በኋላ ፈንጣጣው ወንዙን ተሻገረ። ጽድ አፋፍ አራት ቤት ገባ። ስንዱ ከታመሙት ልጆች ጋር በአንድ ደጃፍ ውላ አድራ ምንም አልነካትም። ክንዱ በአሸዋ ታጥቦ ያልቀላው፣ ያላበጠው፣ ጥጃ ሲያባርር ይውል የነበረው ታከለ ግን ታመመ። ማንጠግቦሽ ስንዱን እቤት ትታ ሄዳ አስታመመችው። በዘጠነኛው ቀን ዐረፈ።

በቀብሩ ላይ ማንም ልመንህን አልወቀሰውም። ራሱን ሲወቅስም የሰማው የለም። ሰው ሁሉ ከመቃብሩ ሲመለስ እሱ ቀረ፤ አፈሩን በእጁ እየደለደለ እስኪመሽ ተቀመጠ። በሳምንቱ ማንጠግቦሽ ቤት መጣ። ደጅ ላይ ቆሞ «ግባ» እስኪሉት ጠበቀ። ሲገባም «ያቺን ብራና አውሺኝ» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም።

በግንቦት ጌጡ ተመለሰ። አሁን ልጆቻችሁን አምጡ ብሎ መለመን አላስፈለገውም፤ ዋርካው ሥር ሰው ተግተልትሎ ነበር። ነገር ግን የስንዱ ትኩሳት ወሬም አገሩን ዞሮታል። ስለዚህ ከማዶ የመጡት እናቶች ፈንጣጣውን ፈርተው ልጆቻቸውን ካስከተቡ በኋላ፣ ትኩሳቱን ፈርተው የልጆቹን ክንድ ሊያጥቡ ወደ ዝጊት መሻገሪያ ይወርዱ ነበር።

መሻገሪያው ላይ፣ ከውኃው አፍ ባለው ድንጋይ፣ ልመንህ ከጧት ጀምሮ ተቀምጧል። የቀረችው ልጁ ዘውዴ ከጎኑ አለች። እጅጌዋ እስከ ትከሻዋ ተጠቅልሏል፤ ክንዷ ላይ የመርፌው ነጠብጣብ ትኩስ ነው። አባቷ ፀሐይ እንዲያገኛት ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙሯታል።

አንዲት ሴት የልጇን ክንድ ይዛ ውኃው ላይ ጎንበስ ስትል እጁን ዘርግቶ ከለከላት።

«ምን አገባህ? የአንተ ልጅ ናት?» አለችው።

«አይደለችም» አለ። ከጉያው ያቺን ቁራጭ አውጥቶ ዘረጋላት። «አንብቢልኝ።»

«ማንበብ አልችልም።»

«እኔም አልችልም። ደምለው አንባቢ ነው፤ እሱም አልቻለም። እንዲህ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ።»

ሴትየዋ መጀመሪያ ጥላሸት የመሰለውን ጽሑፍ፣ ቀጥላ የሰውየውን ፊት አየች። ሐዘን ላይ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ራሱ ተላጭቷል። የልጇን ክንድ ከውኃው አራቀችው፤ ሳትለቀው ግን «ቢያተኩሳትስ?» አለች።

«ያተኩሳታል» አላት ልመንህ፤ ቦታ ለቆም ከአጠገቡ ድንጋዩ ላይ አስቀመጣት። «ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ያተኩሳታል፤ አጠጫት፣ ጠብቂያት፤ ከባሰባት እኔ በቅሎ አለኝ። ብቻ አትቸኩዪ፣ እቴ፤ ቀለም ሳይደርቅ ብራና አይታጠፍም።»